ሦስት ጊዜ «ይቆረጥ»

ሰፈርተኛው ባለመቀሱ የሚለው ልብስ ሰፊ ደንበኛውን ሦስት ጊዜ «ይቆረጥ» ሳያሰኝ ጨርቅ ቆርጦ አያውቅም። ጨርቁ በረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ተነጥፎ፣ በጠመኔ ተሰምሮ ካበቃ በኋላ፣ ባለጨርቁን ከጎኑ ያቆመውና፣ «እጅጌው ይኸውልህ፤ ወገቡ ይኸውልህ፤ ርዝመቱም እዚህ ላይ ያበቃል። አሁን ያልተናገርኸውን ነገ አልሰማህም» ይለዋል። ሰውዬው «ይቆረጥ» ሲል ዝም፤ ሲደግመውም ዝም፤ ሦስተኛውን ሲሰማ ብቻ መቀሱን ያነሣል። አንድ የቸኮለ ሙሽራ፣ «አባቴ፣ አንድ ጊዜ ብናገር አይበቃም?» ብሎ ቢጠይቀው፣ «የመጀመሪያው ለዐይንህ ነው፤ ሁለተኛው ለልብህ ነው፤ ሦስተኛው ግን ለእኔ ነው፤ ነገ መጥተህ ስታላዝን ጆሮዬን የምደፍንበት ነው» ብሎ መልሶለታል።

ዐርባ ዓመት እንዲህ ሠራ። የሥራ ቤቱና የመኖሪያ ቤቱ በአንድ ጣራ ሥር ነበሩ፤ ከፊት ሁለት መስኮት ያለው የመቁረጫው ክፍል፣ ከኋላ ወደ ጓሮ የሚከፈቱ ሦስት መኝታ ቤቶች፣ ከዚያ ወዲያ ልብስ የሚሰጣባት ጠባብ ጓሮ። ከእጁ የሚወጣ ልብስ ሁሉ ገበሩ እንደ ፊቱ ይሰፋ ነበር። ተማሪ ሆኖ ከእርሱ ዘንድ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚማረው መስፋትን ሳይሆን መተርተርን ነው። የተጣመመች አንዲት ስፌት ለማረም እጅጌ ሙሉ ይተረተራል።

አንድ ነገር ብቻ እንደ ጨርቅ አልታዘዝ አለው፤ የበኩር ልጁ። ልጁ መልኩ ያማረ፣ አንደበቱ የቀና ነበር። እሳት አመድ ወለደ የሚለው ተረት ለእርሱ አይሠራም፤ እርሱስ እሳት ነበረ፤ የሚያነደው ግን የአባቱን ቤት ነበር። መጀመሪያ ኩላሊቴን አለ፤ አባት የቁልፍ ቀዳዳ የምትሰፋውን መኪና ሸጦ ታከምበት ብሎ ገንዘቡን ሰጠው፤ ኩላሊቱ በጭፈራ ቤት ታየ። ሁለተኛ ጊዜ ጨጓራዬን አለ፤ ጨጓራውም ከኩላሊቱ ያላነሱ ወዳጆች ነበሩት። ሦስተኛ ጊዜ ጀርባዬን አለና፣ እናቱ ሆስፒታል በተኛችበት ሳምንት የእርሷን ባለፔዳል የስፌት መኪና አሸክሞ ወጣ። እናቲቱ አልተነሣችም። ባለመቀሱ ከቀብር ሲመለስ ያገኘው፣ የመኪናዋ እግሮች በጣውላው ወለል ላይ የተዉአቸውን አራት ጉድጓዶች ነበር። አላለቀሰም። ሜትሩን ከአንገቱ አወረደና በጉድጓዶቹ መካከል ያለውን ርቀት ለካ። ለምን እንደ ለካ ራሱም አያውቅም፤ የለመደ እጅ በኀዘንም ቀን ሥራ ይፈልጋል።

በሳልስቱ ማግስት አንድ ነገረ ፈጅ ዘንድ ሄደ።

«ቤቱን ለልጅ ልጄ አደርጋለሁ» አለ። የልጅ ልጁ የሟች ሴት ልጁ ልጅ ናት፤ ያን ጊዜ ገና የዐሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ስትሆን፣ ከሥራ ቤቱ ኮሌታ መስፋት ጀምራ ነበር። «ሃያ አምስት ዓመት እስኪሞላት ቤቱ በአደራ ይጠበቅላት። ጠባቂው የመጀመሪያ ተማሪዬ ይሁን። ሥራ ቤቱም እየሠራ ይቈይ።»

ነገረ ፈጁ ብልህና ደከም ያለ ሰው ነበር፤ የብዙ ቤተሰብ ጠብ በጠረጴዛው ላይ አልፏል። «መልካም ነው አባቴ። ግን አንዲት መስመር እንጨምር፤ ‹አደራ ሰጪው ሐሳቡን ቢለውጥ መሻር ይችላል› የምትል።»

«እኔ ሐሳቤን የምለውጥ ሰው እመስላለሁ?»

«ሰው ሁሉ ይመስላል።»

«ስማኝ ወንድሜ። በሩን ዘግቼ ቁልፉን ከኪሴ ካኖርሁት ምኑን ዘጋሁት? እኔ ሆዴን ዐውቀዋለሁ። ያ ልጅ መጥቶ ሁለት ዘለላ እንባ ካወረደ ኪሴን እዳብሳለሁ። ቁልፉን ወርውርልኝ።»

«ይወቁት እንግዲህ። ከፈረሙ በኋላ ቤቱ የእርስዎ አይደለም። ጠባቂውን አያዙትም፤ አይሽሩትም፤ በሌላም አይተኩትም። ሰጪነትዎ በፊርማዎ ላይ ያበቃል።»

«እሱን ነው የምፈልገው። አሁን ጻፍ፤ የበኩር ልጄ ከዚህ ጣራ ሥር አይደር።»

ነገረ ፈጁ ጻፈ። ባለመቀሱ ግን ገና መጀመሩ ነበር፤ ጨርቅ በየት በኩል እንደሚተረተር የሚያውቅ ሰው ነውና ስፌቱን ሁሉ በድርብ ይሰፋው ጀመር። በእንግድነት ልደር ቢልስ? አይደር። ተከራይ ነኝ ቢልስ? አይደር። ሙያ ልማር ቢልስ? አይደር። ልጅቱን በአንደበቱ አታልሎ ቢያስፈቅድስ? ሃያ አምስት ዓመት ሳይሞላት የሰጠችው ፈቃድ እንደ ፈቃድ አይቆጠር። እኔ ራሴ እያለቀስሁ ብለምንስ? ልመናዬ አይሰማ። ይህ ቃል ቢጣስ ቤቱ ከልጅቱ ተነሥቶ በከተማው ላለው የሙት ልጆች ማሳደጊያ ይሁን።

«ታምሜአለሁ ቢልስ?» አለ በመጨረሻ። «ታምሜአለሁ ቢል አይታመን፤ በል ጻፍ።»

ነገረ ፈጁ ብዕሩን አስቀመጠ። «አባቴ፣ ይህችን ብንተዋትስ?»

«ከሁሉ አጥብቀህ የምትጽፈው እርሷን ነው።»

ሰነዱ ተነበበለት። ባለመቀሱም እንደ ደንበኞቹ ቀጥ ብሎ ቆመና፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ «ይቆረጥ፤ ይቆረጥ፤ ይቆረጥ» ብሎ ፈረመ። ሲወጣ ይስቅ ነበር። አንዱን ግልባጭ በገዛ እጁ ወደ ሙት ልጆች ማሳደጊያው ወስዶ ለአስተዳዳሪው ሰጠ፤ «ዐይናችሁን ከዚህ ቤት ላይ አትንቀሉ፤ ቃሉ ከተጣሰ የእናንተ ነው» አላቸው። ስጦታ በተዘረጋ እጅ ይሰጣል፤ እርሱ ግን እጁን እንደ ጨበጠ ነበር የሰጠው። ይህን ያን ቀን የነገረው ሰው አልነበረም፤ ቢነግሩትም አይሰማም ነበር።

ለራሱ በርጩማ እንኳ አላስቀረም። ከመንገዱ ማዶ፣ ሠላሳ አንድ የብረት ደረጃ ተወጥቶ የሚገባባትን፣ ቆርቆሮ ከራስ ላይ የሚንቀለቀልባትን አንዲት ክፍል ተከራየ። ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ቤቱ ወርዶ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ዳር ይቀመጣል፤ ይተቻል፤ ያርማል፤ ለደንበኛው ሁሉ ታሪኩን ይተርካል። «አባት ማለት እንዲህ ነው» የሚሉት ነበሩ፤ «የወለደ እንዲህ አይጨክንም» የሚሉትም ነበሩ። ሁለቱንም ምስጋና አድርጎ ይወስደው ነበር።

አደራ ጠባቂው፣ ማለት የቀድሞ ተማሪው፣ ይህን ሁሉ ጊዜ አቀርቅሮ ይሰፋል። ዝምተኛው ይሉታል። ሠላሳ ዓመት በዚያ ቤት ሲሠራ የተናገረው ቢሰበሰብ ከአንድ ከረጢት ቁልፍ አይበልጥም ብለው ይቀልዱበታል። 

በሦስተኛው ዓመት አንድ ቀን፣ ከቀትር በፊት፣ የበኩር ልጁ መጣ።

ከሥራ ቤቱ ደጃፍ ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ነበር። የለበሰው ኮት አባቱ የሰፋለት ነው። ባለመቀሱ በመስኮቱ ሲያየው መጀመሪያ ያየው ፊቱን አልነበረም፤ ኮሌታውን ነበር። የልጁን የአንገት ልክ ከጨቅላነቱ ጀምሮ ያውቀዋል፤ አሁን ግን በአንገቱና በኮሌታው መካከል ሁለት ጣት ይገባል። ትከሻው ከስፌቱ ወደ ውስጥ ሸሽቷል። እጅጌው እስከ ጣቶቹ ወርዷል። ሰው ይዋሻል፤ ልብስ ግን አይዋሽም። የዛሬውስ እውነት ነው አለ በልቡ።

«አባባ» አለ ልጁ፣ ሲወጣለት። «አትፍራ፤ ምንም ልወስድ አልመጣሁም። ብወስድም የምሸከምበት የለኝም።»

«ምን ሆነህ ነው?»

«ሳንባዬን አሉ። ሦስት ሐኪም ነው ያለው፤ እኔ አይደለሁም ያልሁት።» ሊስቅ ሞክሮ ሳል አቋረጠው። «ሁለት ወር አሉኝ፤ እንዲያውም ሲያበዙት ነው። ቤቱን ለእኅቴ ልጅ ሰጠህ አሉኝ። ደግ አደረግህ። እኔ የምፈልገው አንዲቱን የጓሮ ክፍል ነው፤ የተወለድሁባትን። ከግድግዳው ወዲያ የስፌት መኪናው ድምፅ ይሰማል። ተኝቼ እሱን ልስማ፤ ሌላ ምንም አልሻም።»

«እሺ» አለ ባለመቀሱ። ሰነዱ፣ ነገረ ፈጁ፣ ማሳደጊያው፣ አንዱም ትዝ አላለውም። የወላድ አንጀት ፊርማ አያነብም። «እሺ ልጄ። ዛሬውኑ ይነጠፍልሃል።»

ልጁን በሠላሳ አንዱ ደረጃ አራት ጊዜ እያሳረፈ ወደ ኪራይ ክፍሉ አወጣው፤ ለጊዜው ብሎ። ከዚያም መንገዱን ተሻግሮ ዝምተኛውን ጠራው።

«የጓሮዋን ክፍል አስጠርግ። ልጄ ሊተኛባት ነው።»

ዝምተኛው መርፌውን ከጨርቁ ላይ ሰካ። ቀና ብሎ አየው። «አልችልም ጋሼ።»

«ምን አልህ?»

«አልችልም።»

«አዝዤሃለሁ እኮ!»

«ያውቁታል ጋሼ፤ ሊያዙኝ አይችሉም።»

ባለመቀሱ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታው፤ ጠመኔዎቹ ዘለሉ። «ይህን ጠረጴዛ ማን ነው የገዛው? አንተን መርፌ አያያዝ ያስተማረህ ማን ነው? ዛሬ በገዛ ቤቴ በር ላይ ቆመህ አልችልም ትለኛለህ?»

ዝምተኛው መሳቢያውን ከፍቶ ሰነዱን አወጣ። በጨርቅ ጠቅልሎ ነው ያስቀመጠው። ገልጦ ከፊቱ አኖረለት፤ ራሱ አላነበበም። ባለመቀሱ መነጽሩን አደረገና በር ይፈልግ ጀመር። በእንግድነት ይግባ ብሎ አሰበ፤ ጣቱን ሲያወርድ «በእንግድነትም አይደር» የሚለውን አገኘ። ተከራይ ይሁን፤ «በተከራይነትም አይደር።» ፊቱ በራ፤ «ተማሪ ይሁን! መርፌ ይያዝ፤ ተማሪ የሚያድርበት ቤት አይደለም እንዴ?» ብሎ ጮኸ። ዝምተኛው በዝግታ ወደ ታችኛው መስመር ጠቆመው። ባለመቀሱ በገዛ እጁ የጠቀመውን ስፌት ጫፉን እየፈለገ በጥፍሩ ይቧጥጥ ነበር፤ ስፌቱ ግን የእርሱ ስፌት ነውና የሚላቀቅ ክር አልነበረውም።

የልጅ ልጁ ከመተኮሻው ዘንድ ካውያውን አስቀምጣ መጣች። አሁን የሃያ ዓመት ወጣት ናት። «እኔ ፈቅጃለሁ» አለች። «ቤቱ የኔ ከሆነ አጎቴ ይተኛበት። ምን ቸገረኝ?»

«ያንቺ ፈቃድ አይቆጠርም» አለ ዝምተኛው። «እንዲህ ይላል።»

«ማን ነው እንዲህ ያለ ነገር የጻፈው?»

ዝምተኛው በሰነዱ ግርጌ ያለውን ፊርማ አመለከታት። እርሷም ቀና ብላ አያቷን አየች።

ባለመቀሱ ወደ ዝምተኛው ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ዐርባ ዓመት ለማንም ዝቅ ያላደረገውን ድምፅ። «ልጄ፣ እንግዲህ ሰው ሁን። የጓሮ በር አለ። በጓሮ አስገብተን ብናስተኛው ማን ያያል? ሁለት ወር ነው፤ እሱም ከሞላ።»

«ጋሼ፣» አለ ዝምተኛው፣ «በገባሁ በሁለተኛው ወር አንድ ገበር አጣምሜ ሰፍቼ ነበር። ‹ውስጥ ነው፤ ማን ያየዋል?› ብዬ ጠየቅሁዎት። ያሉኝን ያስታውሳሉ?»

ያስታውሳል። እጅጌውን ሙሉ አስተርትሮታል፤ ሦስት ጊዜ።

«በዚያ ላይ የማሳደጊያው ሰው በየሳምንቱ እያለፈ ያያል። ግልባጩን እርስዎ ነዎት የሰጡት። ቢያገኘው ቤቱ ከእርሷ ይሄዳል። የተሰጠኝ እርሷን እንድጠብቅ ነው። እርስዎን ደስ ላሰኝ ብዬ የእርሷን አልጥልም።» ይህን ያህል ተናግሮ አያውቅም። ላብ በግንባሩ ወጣ።

«አንተ ድንጋይ ነህ።»

«እርስዎ የጠረቡኝ ነኝ ጋሼ።»

ባለመቀሱ ወደ ነገረ ፈጁ ሮጠ። ነገረ ፈጁ ሳይደነቅ ተቀበለው። «አባቴ፣ ያን ጊዜ አንዲት መስመር ብዬ ነበር።»

«አሁን ጨምራት።»

«የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። አሁን ሊጨምራት የሚችል ቢኖር ፍርድ ቤት ነው፤ እርሱም አይጨምራትም። እምቢ ካሉ አቤቱታ እጽፍልዎታለሁ፤ ግን ይወቁት፤ ሰነዱ በችሎት ይነበባል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ በጩኸት።»

ባለመቀሱ ያን ጊዜ ነበር ልጁ እስካሁን ያልሰማውን መስመር ያስታወሰው። ልጁ የሚያውቀው ቤቱ ለልጅቱ መሰጠቱን ብቻ ነው። ታምሜአለሁ ቢል አይታመን፤ ይህን አያውቅም። ክፍሏን ለማግኘት ሰነዱ መነበብ አለበት፤ ሰነዱ ከተነበበ ደግሞ ይህ ቃል ከአባቱ አፍ እንደ ወጣ ይታወቃል። «ልጄ አይመጣም» አለ በመጨረሻ። «ደረጃውን መውረድ አይችልም። ጻፍልኝ።»

ያን ሰሞን ቆርቆሮው ጋለ። ልጁ ፍራሹ ላይ ተኝቶ ሸሚዙን ከደረቱ እያነሣ ይተነፍሳል። «ክፍሏ ገና ናት አባባ?» ይላል። «እየተቀባች ነው፤ የቀለም ሽታ ለሳንባ አይሆንም» ይለዋል አባቱ። ውሸትን ሲጠላ የኖረ ሰው ሦስት ሳምንት ሙሉ ቀለም ቀባ፤ አንድ ቀን ነጭ፣ አንድ ቀን ደግሞ ቀለሙ አልያዘም አለ። ልጁ ፈገግ ይላል እንጂ አይጠይቅም። ውሸት ሲነገር የሚያውቅ ሰው ቢኖር እርሱ ነበር።

በችሎቱ ቀን ባለመቀሱ ማልዶ ወጣ፤ ከሐኪም መድኃኒት እጠይቃለሁ ብሎ። ችሎቱ ጠባብ ነበር፤ ሦስት ረድፍ አግዳሚ ወንበር፣ አንድ የሚንቋቋ ማራገቢያ። ዝምተኛው በአንዱ ዳር ተቀምጧል፤ የልጅ ልጁ ከጎኑ አለች። የማሳደጊያው አስተዳዳሪ ግልባጩን በንጹሕ አቃፊ ይዞ፣ እንደ ለቅሶ ቤት እንግዳ በጨዋነት ተቀምጦአል።

ዳኛዋ አቤቱታውን ካየች በኋላ ጸሓፊዋን ሰነዱን እንድታነብ አዘዘች። ጸሓፊዋ የጠራ ድምፅ ነበራት። ስለ ቤቱ አነበበች፤ ስለ ልጅቱ አነበበች፤ «የበኩር ልጄ ከዚህ ጣራ ሥር አይደር» የሚለው ላይ ስትደርስ የኋላው በር ተከፈተ። ባለመቀሱ አልዞረም። ሳሉን ሰማው።

ልጁ ሠላሳ አንዱን ደረጃ ወርዶ ነበር። እንዴት እንደ ወረደ፣ የችሎቱንም ቀን ከማን እንደ ሰማ ማንም አያውቅም፤ ኮቱ በጀርባው የግድግዳ ኖራ ለብሷል። ከኋላው አግዳሚ ጫፍ ተቀመጠ። ባለመቀሱ እጁን ወደ ጸሓፊዋ ዘርግቶ፣ «ይብቃ! እዚያ ላይ ይብቃ» አለ።

«አባት፣ ይቀመጡ» አለች ዳኛዋ። «ያቀረቡት እርስዎ ነዎት። ቀጥዪ።»

«በእንግድነትም አይደር፤ በተከራይነትም አይደር፤ በተማሪነትም አይደር» አነበበች ጸሓፊዋ። «እኔ ራሴ እያለቀስሁ ብለምን ልመናዬ አይሰማ። ታምሜአለሁ ቢል አይታመን።»

ማራገቢያው ይንቋቋል። ባለመቀሱ ተነሥቶ ያለቅስ ጀመር፤ ሰነዱ እንደ ጻፈው።

«ጌቶቼ፣ ያን የጻፍሁት እኔ አይደለሁም እንዴ? የጻፈ መሰረዝ እንዴት ያቅተዋል?»

ዳኛዋ ክፉ ሰው አልነበረችም። ቀስ ብላ ነው የተናገረችው። «ሰው በገዛ ንብረቱ ላይ ሲያዝ ቃሉ ይከበራል። ይህ ቤት ግን ከፈረሙባት ቀን ጀምሮ የእርስዎ አይደለም። የመሻር ሥልጣን ለራስዎ ላስቀር ብለው ቢሆን ሕጉ አይከለክልዎትም ነበር፤ ምክርም ተሰጥቶዎት እምቢ ብለዋል። አሁን ለአደራ ጠባቂው የእርስዎ ትእዛዝ ከመንገደኛ ትእዛዝ አይበልጥም። ይህቺ ልጅ ቤቷን እንድታጣ ማድረግም አንችልም።»

«እኔ ነኝ እኮ የጻፍሁት!»

«እርስዎ ነዎት። የምናከብረውም ስለዚህ ነው።»

ከችሎቱ ውጭ፣ በግቢው ውስጥ፣ ቀለሙ የተላጠ ረጅም አግዳሚ ነበር። ልጁ በዚያ ተቀምጦ ትንፋሹን ይሰበስብ ነበር። አባቱ ከፊቱ ቆመ፤ ከጎኑ መቀመጥ አልደፈረም።

«አባባ፣» አለ ልጁ፣ «ቀለሙ ደረቀ?»

ባለመቀሱ ዐይኑን ወደ ተላጠው የአግዳሚ ቀለም አወረደ።

«ሦስት ጊዜ ዋሸሁህ። አራተኛዋ እውነት ነበረች፤ አንተ ግን ከመምጣቷ በፊት በሯን ዘጋህባት።» ኮሌታውን በሁለት ጣቱ ሳበው። «አልቀየምህም። እኔም ያን መኪና ባልወስደው... እማማ ፔዳሉን ስትረግጠው እሰማ ነበር እኮ፣ በግድግዳው። ከዚያ ወዲህ የትም ብተኛ ጸጥታው አያስተኛኝም። ስፌትህ ግን መቼም ስፌት ነው፤ አይተረተርም።»

የዝምተኛው ጥላ ከአግዳሚው ላይ አረፈ። ቆቡን በእጁ ይዞ ነበር።

«የኔ ቤት ሁለት ክፍል ነው» አለ። ወደ ልጁ ነው የተናገረው። «ደረጃ የለውም። ከፊት ያለው ክፍል ነፋስ ይገባዋል። ባለቤቴ አልጋውን አንጥፋለች።»

ባለመቀሱ ዘወር አለበት። «አሁን ነው ደግነትህ የመጣው? አንተ አይደለህም ወይ በር የዘጋህበት?»

«ያኛው የእኔ አልነበረም ጋሼ» አለ ዝምተኛው። «ይኸኛው የእኔ ነው።»

እጁን ለልጁ ሰጠው። ልጁ ተደግፎት ተነሣ። የልጅ ልጁም በሌላው ጎኑ ገባች። ሦስቱ በግቢው በር በዝግታ ሲወጡ፣ ባለመቀሱ የኮቱን ጀርባ ያይ ነበር፤ ስፌቱ ቀጥ ያለ ነበር፤ ውስጡ ያለው ሰው ግን የለም ማለት ይቻላል።

የዝምተኛው ሚስት ባለፔዳል የስፌት መኪና ነበራት፤ የሰፈር ልጆች ልብስ ትጠግንበታለች። ማንም ሳይነግራት ወደ ፊተኛው ክፍል አስገፍታ ከአልጋው አጠገብ አስቆመችው። ጠዋትም ከሰዓትም ትሰፋበት ነበር፤ ሥራ ባጣችበት ቀን እንኳ ብጣሽ ከብጣሽ እየገጠመች ትረግጠዋለች። ዝምተኛው ከልጆቹ ጋር ወለል ላይ ይተኛል። ባለመቀሱ በየቀኑ ይመጣል። በሩን ያንኳኳል፤ «ማነው?» ይሉታል፤ «እኔ ነኝ» ይላል፤ ይከፈትለታል። ወንበር ይሰጡታል። የሚያዝበት ነገር ስለሌለ ዝም ብሎ የመኪናውን ድምፅ ያዳምጣል። ልጁ ዐይኑን ጨፍኖ ሲሰማ የከንፈሩ ዳር ፈታ ይላል። አንድ ቀን ባለመቀሱ የመኪናውን እግሮች ቁልቁል እያየ ሜትሩን ከአንገቱ አወረደ፤ ከዚያ ግን ሳይለካ መልሶ ጠቀለለው።

በሃያ ስድስተኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሴትዮዋ ክር ልትቀይር ስታቆም፣ የልጁም ትንፋሽ ቆሞ ነበር።

አስከሬኑም ከዚያው ከድሃው ከዝምተኛው በር ወጣ። ለቀስተኛው የተቀመጠው በዝምተኛው ግቢ ነው። አንድ የማያውቅ ሰው ዝምተኛውን «ወንድምህን እግዜር ይማረው» ብሎ አጽናናው። ዝምተኛው አላረመውም።

ከአርባው በኋላ ባለመቀሱ እንደ ቀድሞው ወደ ሥራ ቤቱ መምጣት ጀመረ። የሚተርከው ታሪክ ግን አልነበረውም። ከጠረጴዛው ዳር ይቀመጣል፤ ግድግዳውን ያያል፤ ከግድግዳው ወዲያ የጓሮዋ ክፍል ተጠርጋ፣ ባዶዋን፣ ተቆልፋለች።

አንድ ጠዋት አንድ አባት ጥቁር ሱፍ ይዞ መጣ። ለልጁ የምረቃ ልብስ ነው፤ ልጁም አብሮት አለ። የባለመቀሱ የልጅ ልጅ ተመራቂውን ለካችው፤ ጨርቁን አነጠፈች፤ በጠመኔ አሰመረች። ከዚያም ሰውዬውን ከጎኗ አቁማ፣ እንደ ተማረችው፣ «እጅጌው ይኸውልዎ፤ ወገቡ ይኸውልዎ። አሁን ያልተናገሩትን ነገ አልሰማዎትም» አለችው።

«ይቆረጥ» አለ ሰውዬው እየሳቀ። «ይቆረጥ።»

«ቆይ!» ባለመቀሱ ከመቀመጫው ተነሥቶ ሁለት እጁን በጨርቁ ላይ ዘረጋ። «ቆይ አንተ ሰው። ሕዳግ ተውለት። ልጅ ይከሳል፤ ልጅ ይወፍራል፤ ነገ ምን እንደሚሆን ምን ታውቃለህ? ሦስተኛውን አትበል።»

ሰውዬው ደንግጦ ከአዛውንቱ ወደ ልጅቱ አየ። ዝምተኛው ከመኪናው ላይ ቀና አላለም፤ እግሩ ግን ከፔዳሉ ላይ ቆመ። የልጅ ልጁ መቀሱን ዝቅ አደረገች። የአያቷን እጆች፣ አንዱን ከዚያም ሌላውን፣ ከጨርቁ ላይ በቀስታ አነሣች። ቁጣ አልነበረባትም።

«አባባ፣» አለችው፣ «ባለጨርቁ እኮ እሳቸው ናቸው።»

ባለመቀሱ ተመልሶ ተቀመጠ።

«ይቆረጥ» አለ ሰውዬው።

መቀሱ ገባ።